ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የወጣች ፀሐይ

የቪዲዮ ቤት ሥራ ስጀምር ማንም ያልነገረኝ ነገር ቢኖር ካሜራ ዋሾ መሆኑን ነው። ምስሉን ማለቴ አይደለም፤ ምስሉ ያየውን ያሳያል፣ ሙሽራው ሲያንጎላጅም ቢሆን። የሚዋሸው ሰዓቱን ነው። እያንዳንዱ የቪዲዮ ፋይል መቼ እንደተቀረጸ የሚናገር ጽሑፍ በሆዱ ይዞ ይዞራል። ያንን የሚጽፈው ካሜራው ነው፤ ካሜራው ደግሞ የሚያውቀው ባለቤቱ የነገረውን ብቻ ነው። ካልነገረው እንደመሰለው ይጽፋል።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያው አካባቢ በነበረችው ጠባብ ክፍላችን ቁጭ ብዬ የሰው ሰርግ ስቆርጥና ስቀጥል ኖሬአለሁ። በእኔ ኮምፒውተር ከሄድን የአርባ ምንጭ ሕዝብ ግማሹ ያገባው በአንድ ቀን ነው፤ ለዚያውም በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዓመት መባቻ። የካሜራው ትንሿ ባትሪ ስትሞት ቀኑ ፋብሪካ ወደሞላለት ይመለሳላ። ባለካሜራዎቹን ስነግራቸው "ምስሉ ጥርት ብሏል አይደል? ቀኑ ምን ያደርግልሻል?" ይሉኛል። ከዱባይ የመጣው ካሜራ በዱባይ ሰዓት፣ ከቻይና የመጣው በቻይና ሰዓት ይቀርጻል። ሁለቱ አንድ ሰርግ ላይ ከተገናኙማ ጉድ ፈላ። አንዷን ሙሽራ ኮምፒውተሩ በሰዓት ደርድሮ ሲያሳየኝ፣ መጀመሪያ ባሏ ቤት ገብታ፣ ኬክ ቆርሳ፣ ከዚያ በኋላ ነው እያለቀሰች ከእናቷ ቤት የወጣችው። ልቅሶው እንኳ ዘግይቶ ቢመጣ አይፈረድባትም፤ ባሏን አውቀዋለሁ።

እነዚህን ሁሉ ማስተካከል የእኔ ሥራ ነበር። ሳላስተካክለው የቀረ አንድ ፋይል ብቻ አለ፤ እሱም የአባቴ ነው።

አባቴ ሹፌር ነበር። ከዞኑ የመንግሥት ቢሮዎች በአንዱ፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር፣ አንዲት ነጭ ፒካፕ ይነዳ ነበር። በክረምት የጨንቻን ዳገት በዚያ ሁሉ ጭቃ የሚወጣ፣ ካምባ ደርሶ ሲመለስ አንድ ብሎን እንኳ ሳይላላበት የሚገባ ሰው ነበር። መኪናዋን "እሷ" ነው የሚላት። "እሷ ዛሬ ደክሟታል፣" "እሷን ሳላጥብ አልበላም" ሲል እናቴ መጀመሪያ አካባቢ ቅናት ቢጤ ይዟት ነበር ይባላል። ኋላ ግን ራሷ ከዱንጉዛ ቁራጭ፣ ያ ቀይ ቢጫ ጥቁር የጋሞ ሽመና፣ ለቁልፏ የአንገት ማንጠልጠያ ሰፋችለት። ቁልፉ ከአባቴ አንገት የሚወርደው ገላውን ሲታጠብ ብቻ ነበር። ሰውዬው ከዚያች ቁልፍ ሌላ ከመንግሥት የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ጡረታ እስኪወጣ ይዟት ቢቆይ በቃው።

ሁሉም ቢሮ ካሜራ በሚገዛበት ዘመን የአባቴም ቢሮ ገዛ። ካሜራውን የተረከበው የኮሙኒኬሽን ባለሙያ አገሩን የሚወድ ሰው ነበር። ካርቶኑን ከፍቶ ሲያበራው ካሜራው ቀንና ሰዓት ጠየቀው። እሱም "እኛ የራሳችን ዘመን፣ የራሳችን ሰዓት ያለን ሕዝብ ነን" አለና ዓመቱንም፣ ወሩንም፣ ሰዓቱንም በሐበሻ ሞላለት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ካሜራውም ሦስት ሰዓት ይላል። ደስ አይልም? ችግሩ ካሜራው የሰው አገር ልጅ ነው። እሱ የሚያውቀው ሦስት ሰዓት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ነው፤ ማለትም የእኛን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ካሜራው የፈረንጅ ሁለተኛ ወር መስሎት ዘሎ ኅዳር ይገባል፤ ባለሙያው እየተራገመ ጎትቶ ይመልሰዋል። ጳጉሜን የሚባል ወርማ ጭራሽ አልቀበልም አለ። ስለዚህ ጳጉሜ በመጣ ቁጥር ካሜራው ቁም ሳጥን ተቆልፎበት እረፍት ይወጣ ነበር። በዚያ ቢሮ የዓመት ፈቃዱን በሥርዓቱ የሚወስድ እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ባለሙያው የጫሞ ሐይቅን አሳ አስጋሪዎች ሊቀርጽ ከአባቴ ጋር ወረደ። ሁለቱ ብቻ ናቸው የሄዱት። ጀልባዎቹ መረባቸውን ይዘው ዳር ሲደርሱ፣ ቆሮሶ የሚባለው አሳ ሲራገፍ፣ ነጋዴው ሲጨቃጨቅ፣ ሁሉን ቀረጸ። በመጨረሻ አንዱ አስጋሪ ክንድ የሚያህል አሳ አንስቶ ለአባቴ አስያዘው። አባቴ ፒካፗን ተደግፎ፣ ቁልፉ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታበት አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ ይስቃል። አሳው ሲወራጭ ሸሚዙን ያረጥበዋል። ከዚያ ወደ ካሜራው ዞሮ "ተው እባክህ፣ ቀርጸህ አታዋርደኝ" ይላል። ቪዲዮው ይኸው ነው። አሳው ቢሮ ደርሶ በሠራተኞች ክበብ ተጠበሰ፤ ብዙ ሰው ጣቱን እየላሰ በላ።

ሁለት ዓመት ያህል አለፈና አዲስ ኃላፊ መጣ። አዲስ ኃላፊ ሲመጣ አዲስ ዘመቻ ይመጣል፤ የዚያ ሰሞኑ ዘመቻ የመንግሥት መኪና በሌሊት ለግል ጉዳይ የሚያውሉትን መታገል ነበር። ጥሩ ዘመቻ ነው። በሌሊት የሚዞሩትን መኪኖች አገር ያውቃቸዋል፤ ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ነገር ነው። ግን ውስጣቸው የሚቀመጡት ትልልቅ ሰዎች ስለሆኑ ለትግሉ አይመቹም። ለትግል የሚመች ሰው ሹፌር ነው። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ከኮሚቴውም አንድ ትጉህ አባል የቢሮውን ኮምፒውተር ሲጎረጉር የአባቴን ቪዲዮ አገኘ። ቪዲዮውን ከማየቱ በፊት የፋይሉን ዝርዝር ከፈተ። የተፈጠረበት ሰዓት፦ ሦስት ሰዓት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ። የመንግሥት መኪና ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጫሞ ዳር፣ ሹፌሩ አሳ ታቅፎ እየሳቀ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

አባቴ ሲጠራ "ልጄ የቪዲዮ ባለሙያ ናት፣ እሷ ታስረዳ" ብሎ እኔንም አስጠራኝ። ሰብሳቢው በዕድሜ የገፉ፣ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ሰው ሲቀጡ እንኳ ይቅርታ ጠይቀው ነው። መጋረጃው ተዘጋና ቪዲዮው ግድግዳው ላይ ተለቀቀ። ፀሐይቱ ክፍሉን ሞላችው፤ ፊት የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ዓይናቸውን በእጃቸው ከለሉ።

"ይኸው፣ ፀሐይ ትታያለች" አለ አባቴ። "ሌላ ምን ልጨምርላችሁ?"

"ምስልማ በአሁኑ ጊዜ ይቀነባበራል" አለ ትጉሁ አባል። "ሰዓቱን ግን የጻፈው ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተር ዘመድ የለውም።"

"በሌሊት ጫሞ ዳር የሚቆመው ጉማሬ ነው" አለ አባቴ። "እኔ እዚያ ላይ ጉማሬ እመስላለሁ?"

ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ መታ መታ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

ካሜራው በሐበሻ ሰዓት መሞላቱን ተናገርኩ። ሰሌዳ ላይ ሁለት ክብ ስዬ አሳየሁ፤ አንዱ የእኛ ሰዓት፣ አንዱ የፈረንጅ። ፊታቸውን ሳይ ምንም እንዳልገባቸው ገባኝ። "ጋሼ፣ ሰዓቱ ይቅርና ዓመተ ምሕረቱን ይመልከቱልኝ" አልኳቸው። "ፋይሉ ላይ ያለውን በፈረንጅ ካነበቡት ይቺ መኪና ገና አልተገዛችም፤ ይሄ ሕንጻም ገና አልተሠራም።"

"ዓመተ ምሕረቱማ የእኛ ነው፣ ልጄ" አሉኝ በትዕግሥት። "በፈረንጅ ለምን እናነበዋለን?"

"እንግዲያው ሰዓቱም የእኛ ነዋ።"

"አይ፣ ሰዓቱ የኮምፒውተሩ ነው።"

ዓመቱን በሐበሻ፣ ሰዓቱን በፈረንጅ። እንዲህ ያለ የቀን አቆጣጠር በዓለም ላይ የለም፤ ካለም ያ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ካሜራውን የሞላው ባለሙያ ያን ጊዜ ሐዋሳ ተዛውሮ ስለነበር ተደወለለት፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁ ከፍ ተደረገ። "እንዴት እንደሞላሁት አላስታውስም" አለ። "ቀኑንም አላስታውስም። ካሜራው የራሱ ችግር ሊኖርበት ይችላል።" የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። የራሳችን ሰዓት ያለን ሕዝብ መሆናችንን በአንድ ስልክ ረሳው። የዕለቱ የመኪና ስምሪት ወረቀትም ሆነ የቀሩት ቀረጻዎች ቢሮው ሲዛወር የት እንደገቡ አልታወቀም። አስጋሪዎቹ ይጠሩ ብል "ከተቋሙ ውጭ ያሉ ናቸው" ተባልኩ። ያን አሳ ከበሉት ሰዎች ሦስቱ እዚያው ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የበሉት በዚያው ቀን ለምሳ እንደነበር፣ አሳውም ትኩስ እንደነበር ያውቃሉ። አንገታቸውን ደፍተው ጣታቸውን ያያሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው።

ነገሩ ለማግስቱ ተቀጠረ። ማታ እራት ስንበላ ለአባቴ አንድ ነገር ነገርኩት። ይህን ሰዓት መቀየር ለእኔ ሽንኩርት ከመላጥ ይቀላል፤ አንድ ትንሽ ፕሮግራም አለች፣ ከፍቼ ሦስቱን ዘጠኝ አደርገዋለሁ፣ የፈረንጅ ዘጠኝ የእኛ ጠዋት ሦስት ነው፤ "ዋናው ቅጂ እኔ ዘንድ ነበር" ብዬ ማቅረብ ነው። ለሰው ሁሉ የማደርገውን ለአባቴ ላደርግ ነው እንጂ አዲስ ነገር አይደለም። ደግሞም ትክክለኛው ሰዓት እሱ ነው።

አባቴ የበቆሎና የጎመን ቁርቁፋውን አላምጦ ጨረሰ። "እኔ በጠዋት ነው የሄድኩት" አለኝ። "አንቺ ሰዓቱን በእጅሽ ከነካሽው ግን ውሸታሙ እኔ እሆናለሁ። እነሱ ይዋሹ፣ የራሳቸው ጉዳይ ነው።"

"አባዬ፣ ቁልፉን ይወስዱብሃል እኮ።"

"ፀሐይን አይተው እንዴት ሌሊት ነው ይላሉ?" አለ። "ነገ ይገባቸዋል።"

የተናደድኩት ያኔ ነው። በእነሱ አይደለም፣ በእሱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ኃላፊ ሲያመላልስ ኖሮ ኃላፊ ምን እንደሆነ አለማወቁ አንገበገበኝ።

በማግስቱ የቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ ተጠራ። ፋይሉን በሌላ ፕሮግራም መስኮት ከፈተና ጉሮሮውን ጠራረገ። "ቪዲዮ ሆዱ ውስጥ የያዘው ሰዓት በዓለም ሰዓት እንደተጻፈ ይቆጠራል" አለ። "አገራችን ደግሞ ከዓለም ሰዓት በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሦስት ይጨምርበታል።" እውነቱን ነው፤ ኮምፒውተሩ እንደዚያ ያደርጋል። ካሜራው የሞሉለትን ሰዓት የዓለም ነው ብሎ ይጽፋል፣ ኮምፒውተሩ አምኖት ሦስት ይጨምራል፤ የአንዱን ስህተት ሌላው ያሳድገዋል። በዚያኛው መስኮት ያው የአባቴ ቪዲዮ ስድስት ሰዓት ይላል፤ የፈረንጅ ስድስት፣ የእኛ አሥራ ሁለት፣ ጎህ ሲቀድ።

አሁን ነገሩ አማረ። ትጉሁ አባል ሌሊት ነው ይላል፣ ኮምፒውተሩ ንጋት ነው ይላል፣ እኔና ፀሐይቱ ረፋድ ነው እንላለን። ሰብሳቢው ፊታቸው በራ። እኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ሁለት ጠበኞች መካከል ሲቆም "አንተም ተው፣ አንተም ተው" ይላል፤ ሁለቱም ከያዙት ትንሽ ይለቃሉ፣ መካከል ላይ ይታረቃሉ። ለድንበርና ለከብት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። ሰብሳቢው ዘዴውን ለሰዓት አዋሉት።

"ሌሊት ያላችሁትም ትንሽ ተዉ" አሉ። "ጠዋት ያላችሁትም ትንሽ ተዉ። ንጋት ላይ እንስማማ። ደግሞስ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ?"

"ጋሼ፣ ሰዓት እኮ የድንበር መሬት አይደለም" አልኳቸው።

"ልጄ፣ አንቺም ለአባትሽ እንጂ ለእውነት አልቆምሽም" አሉኝ፤ ይቅርታም ጠየቁኝ።

ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ተስማማ። ንጋትም ቢሆን ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው፤ ሌሊትን ያህል ግን አይከፋም። እንግዲህ አባቴ ግማሽ ጥፋተኛ ሆነ ማለት ነው። ሙሉ ቢሆን ይባረር ነበር፤ ግማሽ ስለሆነ ቁልፉን አስረክቦ የበር ጥበቃ ሆኖ እንዲሠራ ተወሰነ። ከዚያ "እንኳን ደስ ያለህ፣ በቀላሉ አለፈ" ብለው የጨበጡት ነበሩ።

አባቴ ማንጠልጠያውን ከአንገቱ አወለቀ። ቁልፉን ከዱንጉዛው ፈታና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ዱንጉዛውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። "ይቺ የመንግሥት አይደለችም" አለ። እኔ ከበስተኋላው ቆሜ ማልቀስ አማረኝ፣ ግን ለእነዚያ ሰዎች እንባዬን ላሳያቸው አልፈለግሁም።

ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ። ምሳ ሳደርስለት በሩ አጠገብ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር አገኘዋለሁ። አዲሱ ሹፌር የማን ዘመድ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ መንዳት አለመቻሉንም እንዲሁ። ፒካፗ ከግቢው ስትወጣ ማርሹን ሲያስጮኸው አባቴ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ፊቱን ይቋጥራል። "እሷን እንዲህ አያደርጓትም" ይላል፣ ለማንም ሳይሆን። አንድ ቀን ለሰውዬው ሊነግረው ሞክሮ "አንተ በርህን ክፈት" ተብሎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በሩን ይከፍትና ፊቱን ወደ ማንጎው ያዞራል። እኔም ምሳውን እያቀበልኩ ስለ ሌላ ሌላ ነገር አወራለሁ፤ ስለ ሰርግ፣ ስለ ሙሽሮች፣ ስለ መብራት መጥፋት።

ጡረታ ወጥቶ ብዙም አልቆየም። ታመመና ዐረፈ። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ድንኳን ተጥሎ መጽናኛ ይዘመራል፣ ሰው መጥቶ ይቀመጣል። ወንድሞቼ "ሙያው ካለሽ ምን አለበት፣ ምስሎቹን ሰብስበሽ በቴሌቪዥን ብታሳዪን" አሉኝ። ሰበሰብኩ። ፎቶ ሞልቷል፤ የሰርጉ፣ የእኛ የልጅነት፣ ኮፍያ አድርጎ በር ላይ የቆመበት። የሚንቀሳቀስና የሚናገር ግን አንድ ብቻ ነው የተገኘው፤ ያ የጫሞው። የምስክርነት ቀን የወሰድኩት ቅጂ ኮምፒውተሬ ውስጥ ነበር። ፎቶዎቹን ሁሉ ቀናቸውን አስተካክዬ በተርታ ደረደርኳቸው፤ እሱን ግን አልነካሁትም። እንዳልነካው ነግሮኝ የለ? ሁሉም በተርታ ካለፉ በኋላ ይመጣል፣ ያልቃል፣ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

በሁለተኛው ቀን ሰብሳቢው መጡ። ልቅሶ ነው፣ ሰው ይመጣል፤ እኔም ተቀበልኳቸው። እሳቸውም ጡረታ ወጥተዋል፤ ከስተዋል፣ በትር ይዘዋል። ከፊት ወንበር አስቀመጥናቸው። የአባቴን የመንዳት ሙያ፣ የጨንቻን መንገድ፣ አንድ ጊዜ ከጎርፍ እንዴት እንዳሻገራቸው ለጎረቤታቸው ሲያወሩ ሰማሁ። ከልባቸው ነው፤ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። ከዚያ ቪዲዮው መጣ። አባቴ ፒካፗን ተደግፎ፣ ቁልፉ ደረቱ ላይ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይስቃል።

"ወይ ደስ ሲል" አሉ። "ፀሐይዋን እይልኝ እስቲ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ግድም መሆን አለበት፤ ጫሞ እንዲህ የምትሆነው በዚያ ሰዓት ነው።"

ሻይ ይዤ አጠገባቸው ነበርኩ። "አይደለም፣ ጋሼ" አልኳቸው። "ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው።"

መጀመሪያ አልገባቸውም። ፊቴን አዩ፣ ቴሌቪዥኑን አዩ፣ ደግመው ፊቴን አዩ። ብርጭቆውን ልቀበል ብለው የዘረጉት እጅ እንዳለ ቀረ። ከቴሌቪዥኑ አባቴ "ተው እባክህ፣ ቀርጸህ አታዋርደኝ" አለ።